ከደንገል ታንኳ እስከ አይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ

ከወረታ ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የፎገራን ሜዳ የሚያቋርጥ መንገደኛ፥ ግራና ቀኙን የሩዝ ማሳ እያየ፥ አልፎ አልፎም የፎገራን የከብት መንጋ እያሳለፈ ይሄድና ናበጋ ሲደርስ ምድር ታልቅበታለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ጣና ነው። ርብ ወንዝ ከላይ ያመጣውን አፈር እየደፋ ሜዳውን የሠራው፥ ሜዳውም ሰውን የሚመግበው በዚህ ወገን ነው።

ባንድ እሑድ ጧት በዚህ ዳርቻ ቆመን ነበር። ከእኛ ጋራ የነበሩት አንዱ የወረታ ተማሪ፥ ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ከያዘ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ከውኃው አጠገብ አንድ ሽማግሌ የደረቀ ደንገል ዘርግተው ታንኳ ያስራሉ። ተማሪው ከስልኩ ላይ የአንድ ትልቅ የጦር መርከብ ሥዕል አውጥቶ ወደ ሽማግሌው ቀረበና፦

«አያ፥ ይኸም እንደ እርስዎ ታንኳ በውኃ ላይ የሚሄድ ነው፤ በጀርባው አይሮፕላን ይሸከማል» አላቸው።

ሽማግሌው ሥዕሉን ረዘም ላለ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ማን አሰረው?» ሲሉ ጠየቁ።

ወጣቶቹ ሣቁ። እኛም አብረን ሣቅን። ወደ ወረታ ስንመለስ ግን ጥያቄው ከእኛ ጋራ ተመለሰ። ሽማግሌው ምን ያህል ያወጣል አላሉም፤ ምን ያህል ይሮጣልም አላሉም። የጠየቁት ስለ ሠሪው ነው። የሥራ ባለቤት የሆነ ሰው አንድ ሥራ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው የሠራውን እጅ ነውና። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስበናል። የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮጳ አቆጣጠር፥ የአገራችንን በአገራችን አቆጣጠር እንደምንጽፍ አንባቢያችን ይወቅልን።

ከሐይቅ ዳር የተሠራችው «ኢትዮጵያ»

አይሮፕላን የሚያገለግል የጦር መርከብ ሲነሣ፥ ነገሩ ከእኛ አገር ፈጽሞ የራቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ስሟ «ኢትዮጵያ» የተባለች እንዲህ ያለች መርከብ ነበረችን።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው በ1947 ዓ.ም. ሲሆን ዋና ሰፈሩም ምጽዋ ነበር። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ባሕር ኃይል 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላትን መርከብ ተረከበና «ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየማት። የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነው። ይህች መርከብ ስትሠራ የታሰበችው ለአይሮፕላን አገልጋይነት ነበር፤ ይኸውም በውኃ ላይ እያረፉ ከውኃ ላይ ለሚነሡ አይሮፕላኖች ነዳጅ፥ ጥይትና መለዋወጫ ዕቃ የምታቀርብ፥ ሲጐዱም የምትጠግን ማለት ነው። አይሮፕላን ከጀርባዋ ላይ የሚነሣባት ሜዳ አልነበራትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1944 በፊሊፒን ደሴቶች አጠገብ በዚሁ ሥራ ተሰልፋለች።

ይልቁንም ለፎገራ ሰው የሚጥመው ነገር የተሠራችበት ቦታ ነው። «ኦርካ» የተሠራችው በውቅያኖስ ዳር አይደለም፤ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት፥ ዋሽንግተን በተባለው ሐይቅ ዳር ባለ የመርከብ መሥሪያ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጋራ የሚገናኘው ሰው በቈፈረው ቦይና የውኃውን ከፍታ በሚያስተካክሉ በሮች ነው። እንግዲህ ስሟን ከአገራችን ያገኘችው መርከብ እንደ ጣና ባለ ጨው በሌለበት ውኃ ዳር ተወልዳ፥ በቦዩ በኩል ወደ ባሕር ወርዳ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ምጽዋ ደረሰች ማለት ነው።

«ኢትዮጵያ» የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብና የወጣት መኰንኖች መማሪያ ሁና 29 ዓመት አገልግላለች። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሄዳ፥ በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉም በ1988 ዓ.ም. ፈረሰ፤ እንደገና ለማቋቋም ሥራ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። መርከቢቱ በስሟ የእኛ ነበረች። መኰንኖቻችንም ነድተዋታል። ነገር ግን ሽማግሌው «ማን አሰራት?» ቢሉን ኖሮ መልሳችን «ሌላ ሰው» ከማለት አያልፍም ነበር።

ብረት እንዴት ይንሳፈፋል

ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ በውስጡ አየር ስለ ያዘ ነው። ስለዚህም ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ታንኳው ይከብዳል፤ ባለቤቱም ከውኃ አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። ብረት ግን አየር የለውም፤ አንድ ምስማር ጣና ውስጥ ቢጥሉት ወዲያው ይሰጥማል። ታዲያ በብዙ ሺሕ ቶን የሚቈጠር ብረት እንዴት ሳይሰጥም ይቀራል?

ምስጢሩ ቅርጹ ነው። ብረቱ ውስጡ ባዶ ሁኖ እንደ ገበቴ ሲሠራ፥ ውኃውን ገፍቶ ቦታ ይይዛል። የተገፋው ውኃ ክብደት ከመርከቡ ክብደት ጋራ እኩል እስኪሆን ድረስ መርከቡ ይጠልቃል፤ ከዚያ ወዲያ አይጠልቅም። ይህን ሕግ የግሪኩ ሊቅ አርኪሜዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት አስተምሮታል። 40,000 ቶን የሚመዝን መርከብ 40,000 ቶን ውኃ ገፍቶ ይቆማል። ይህ ሁሉ ውኃ ቦታ ሲለቅ የመርከቡ ሆድ ከውኃው በታች ከ8 ሜትር በላይ ይገባል። ጣና በአማካይ የ8 ወይም የ9 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው፥ እንዲህ ያለ መርከብ ቢገባበት በብዙ ቦታ ጭቃውን እያረሰ ይቆም ነበር። ይህን ለሽማግሌው ብንነግራቸው «የእኔይቱ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ትሄዳለች» ብለው ፈገግ አሉ።

ቪክራንት እንዴት ተሠራች

እንግዲህ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማየት ምሳሌያችንን ከሕንድ እንውሰድ። ሕንድን የመረጥንበት ምክንያት፥ ከሌላ አገር ገዝታ ትጠቀም የነበረችውን ነገር በራሷ እጅ ለመሥራት በመብቃቷ ነው። መርከቢቱ «ቪክራንት» ትባላለች። በደቡብ ሕንድ በኮቺ ከተማ ተሠርታ መስከረም 2 ቀን 2022 ለባሕር ኃይሉ ተሰጠች። ርዝመቷ 262 ሜትር፥ ስፋቷ 62 ሜትር፥ ክብደቷ ከ40,000 ቶን በላይ ነው።

በመጀመሪያ የሚሠራው መርከቡ ሳይሆን ፕላኑ ነው። አንድ ሰው ቤት ሲሠራ መስኮት ረስቶ እንደ ሆነ ግድግዳውን አፍርሶ ያስገባል፤ በመርከብ ዘንድ ግን አንድ የቧንቧ ቀዳዳ ያለ ቦታው ቢበሳ፥ ከዚያ ጋራ የተያያዘው መቶ ሥራ ይበላሻል። ስለዚህ ብረት ከመቈረጡ በፊት የእያንዳንዱ ክፍል፥ የእያንዳንዱ ቧንቧና የእያንዳንዱ ሽቦ ቦታ ይወሰናል። በቪክራንት ውስጥ ወደ 2,200 የሚጠጉ ክፍሎች አሉ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦዋ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ሁለተኛው ብረቱ ነው። የጦር መርከብ ብረት ተራ ላሜራ አይደለም። ማዕበል ሲያጣምመው የማይሰነጠቅ፥ ፍንዳታ ሲመታው የማይሰባበር፥ ያም ሁሉ ሁኖ ለብየዳ የሚመች መሆን አለበት። ሕንዶች ይህን ብረት ከሩሲያ ለመግዛት አስበው ነበር፤ እንዳሰቡት ሳይሆንላቸው ቀረ። ሥራው በዚያው ቆሞ ሊቀር ይችል ነበር። እነሱ ግን የመከላከያ ተመራማሪዎቻቸውንና የመንግሥታቸውን የብረት ፋብሪካ አገናኝተው ብረቱን በአገራቸው አወጡት። ለቪክራንት የዋለው ብረት ከ20,000 ቶን በላይ ነው። ብረቱ ባለመገኘቱ የጠፋው ጊዜ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሕንድ ሌሎች የጦር መርከቦቿን በዚሁ በራሷ ብረት ትሠራ ጀመር።

ሦስተኛው ቈረጣና ብየዳ ነው። የመጀመሪያው ብረት የተቈረጠው በ2005 ነው። የዛሬ ዘመን መርከብ እንደ ቤት ከመሠረት ወደ ጣሪያ አይነሣም። በየአዳራሹ የሚሠራው ታላላቅ ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ አንድ ፎቅ ቤት ይሆናል፤ ቧንቧውም ሽቦውም አስቀድሞ ይገባለታል። ከዚያ በኋላ በክሬን እየተነሣ፥ ውኃው ተቀድቶ በደረቀ ታላቅ ገንዳ ውስጥ ካለው ከሌላው ቁራጭ ጋራ ይገጠማል። እንግሊዞች «ንግሥት ኤልሳቤጥ» የተባለችውን 65,000 ቶን መርከባቸውን ሲሠሩ ቁራጮቹን በስድስት ልዩ ልዩ ከተሞች አሠርተው፥ በባሕር ላይ ጭነው አምጥተው፥ በስኮትላንድ ሮሳይት በተባለ ስፍራ ገጥመዋቸዋል። ቁራጮቹን ያነሣው ክሬን 1,000 ቶን የሚሸከም ነው።

እዚህ ላይ የበያጁን ሥራ ልብ እንበል። ብረት በእሳት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይኰማተራል። አንድ ሰው ባንድ ወገን ብቻ ብየዳውን ቢያበዛ ላሜራው ይጣመማል፤ የተጣመመው ቁራጭም ከወንድሙ ጋራ አልገጥም ይላል። ስለዚህ ከየትኛው ጫፍ ተጀምሮ ወደ የት እንደሚበየድ ቅደም ተከተል አለው። ከተበየደም በኋላ ሐኪም የሰውን አጥንት በራጅ እንደሚያይ ሁሉ፥ ብየዳውም በራጅና በድምፅ ሞገድ ይታያል። ለዓይን የማይታይ የአየር ጉድጓድ ቢገኝበት ተፍቆ እንደገና ይበየዳል። በያጁ ፈተና አልፎ የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ነው። ስሕተቱን ቀለም ቢሸፍንለት ባሕር እንደማያምነው ያውቃል።

አራተኛው መኪናው ነው። የቪክራንት የጀርባ አጥንት በገንዳው ውስጥ የተጣለው በየካቲት 2009 ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ፥ የሞተሩን ጉልበት ወደ ውኃው መቅዘፊያ የሚያስተላልፈው ካምቢዮም ሳይገባ ላዩ ሊዘጋ አይችልም። መርከቢቱን የሚነዷት አራት የጋዝ ተርባይኖች ናቸው። ካምቢዮው ግን በጊዜው አልደረሰም፤ ስለዚህ ሥራው ዘገየ። ለማእድ ቤት ምድጃ የሚሠራው፥ ለካቢኔ በር የሚሠራው፥ ቀለም የሚቀባው ሁሉ አንድ ዕቃ ጠበቀ። እንግዲህ የመርከብ መሥሪያ አለቃ ሥራው ብረት መበየድ ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚገባ መቍጠር ነው። መርከቢቱ ነሐሴ 12 ቀን 2013 በይፋ ወደ ውኃ ወረደች፤ ይህ ማለት ግን ተንሳፈፈች እንጂ ተጠናቀቀች ማለት አይደለም። ውስጧን ለመሙላት፥ ከዚያም ከነሐሴ 2021 ጀምሮ በባሕር ላይ ለመፈተን ሌላ 9 ዓመት ፈጀ።

አምስተኛው የጀርባዋ ሜዳ ነው። የባሕር ዳር የአይሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የቪክራንት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ ከመርከቢቱ ርዝመት ከ262 ሜትር አያልፍም። በዚህ አጭር ሜዳ ላይ አይሮፕላን እንዲነሣ የፊቱ ጫፍ እንደ ዳገት ወደ ላይ ተቀልብሷል፤ አይሮፕላኑ በሙሉ ጉልበቱ ሮጦ ከዳገቱ ላይ ወደ ሰማይ ይወረወራል። ሲመለስ ደግሞ ከጅራቱ በታች ያለው ሜንጦ በሜዳው ላይ የተዘረጋውን ወፍራም የብረት ገመድ ይይዛል፤ ገመዱም እየሳሳበ በአጭር ርቀት ውስጥ ያስቆመዋል። የአብራሪው ሕይወት ያለው በዚያ ገመድ ላይ ነው። ገመዱን የሚመረምረውና ጊዜው ሲደርስ የሚለውጠው ሠራተኛ ስሙ በጋዜጣ አይወጣም።

እንዲህ ያለው ሥራ ለባለጠጋው አገር ቀሎታል ብሎ የሚያስብ ቢኖር፥ የአሜሪካኖችን «ጄራልድ ፎርድ» ይመልከት። 100,000 ቶን ያህል የምትመዝን፥ በኑክሌር ኃይል የምትሄድ፥ ወደ 13 ቢሊዮን ዶላር የፈጀች መርከብ ናት። በሐምሌ 2017 ሥራ ስትጀምር ጥይትና ቦምብ ከመጋዘን ወደ ሜዳው የሚያወጡት 11 አሳንሰሮች ገና አልተጠናቀቁም ነበር፤ የመጨረሻው የተጠናቀቀው በታኅሣሥ 2021 ነው። ገንዘብ ሥራን ያፋጥናል እንጂ የሚሠራን እጅ አይተካም።

ሕንድ ከዚህ የደረሰችበትን መንገድ ደግሞ እናስታውስ። የመጀመሪያዋ ቪክራንት በ1961 ሥራ የጀመረች ከእንግሊዝ የተገዛች መርከብ ነበረች። የኮቺው የመርከብ መሥሪያ የተቋቋመው በ1972 ነው። የመጀመሪያ ሥራው የጦር መርከብ አልነበረም፤ የጅምላ ጭነት የምትይዝ የንግድ መርከብ ነበረች፤ እርስዋንም ያስረከበው በ1981 ነው። የሌላውን መርከብ እየጠገነ፥ ነዳጅና ጭነት የሚይዙትን እየሠራ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ታላቁ ሥራ የገባው። ከመሥሪያው መቋቋም እስከ ቪክራንት ፍጻሜ 50 ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ላሜራ የበየደው ሰው ልጅ ቪክራንትን ለመበየድ ደርሷል ማለት ነው።

የጋፋት እቶንና የጣና መንኰራኵር

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በፎገራ ዙሪያ ትልቅ ነገር ለመሥራት የተመኘ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በጣና ላይ የመርከብ ሙከራ አድርገዋል። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ እንደ መሰከረው፥ ንጉሡ በትልልቅ የደንገል ጀልባዎች ጎን መንኰራኵር አስገጥመው፥ በሰው ክንድ እየዞረ እንደ እንፋሎት መርከብ እንዲሄድ አድርገው ነበር። እንፋሎት ግን አልነበረውም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ደንገሉም ተንሳፋፊ ነበር፤ በመካከል የጐደለው መኪናውን የሚሠራው ባለእጅ ነው። ንጉሡም ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ በዚያው ዓመት ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለእጆችና መኪና እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ሰዎቹም መኪናውም ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር። ነገር ግን እስረኞቹ ሳይለቀቁ ወደ ውስጥ አይገቡም በመባሉ ከዚያው ተመለሱ።

ከፎገራ ብዙ ሳይርቅ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጋፋት ደግሞ የአውሮጳ ባለእጆች ከአገሬው ሠራተኞች ጋራ ሁነው መድፍ አቅልጠው አወጡ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚህ ሥራ ፍሬ ነው፤ በሰው ጉልበት እየተጐተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም ከዚያው አለ። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ የጋፋት ባለእጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ከአገር ወጡ። የሥራው ጥበብ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተላለፍበት ትምህርት ቤት ስላልቀረ እቶኑ ቀዘቀዘ። ኮቺና ጋፋት የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ኮቺ መርከብ ሲሠራ ሠሪም ይሠራ ነበር።

የጣና ደንገል አትላንቲክን ሲሻገር

ጥቂት ሰው የሚያውቀው ሌላ ታሪክም አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል፥ የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት በ1969 «ራ» የተባለች ጀልባ አሠራ። ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነው፤ ያሰሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች ናቸው። «ራ» ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ የኋላ ክፍሏ ውኃ እየጠጣ ስለ ሰመጠ ሰዎቹ ሊተዋት ግድ ሆነ። ቆይቶ የታወቀው ምክንያት ይህ ነው፦ በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ የተቀለበሰውን የኋላ ጫፍ ከወለሉ ጋራ የሚወጥር አንድ ገመድ ይታያል፤ ለጌጥ የተሣለ መስሏቸው አስቀርተውት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በ1970 «ራ ሁለተኛ» እንደገና ከኢትዮጵያ ደንገል፥ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለእጆች ታሰረች። በ57 ቀን አትላንቲክን ተሻግራ ባርቤዶስ ደረሰች። እነሆ፥ ከጣና ዳር የተቈረጠ ሣር ውቅያኖስ ተሻገረ። ነገር ግን አሁንም «ማን አሰራት?» ቢባል መልሱ የቻድና የቦሊቪያ ሰዎች ነው። ደንገሉ የእኛ ነበር፤ ቋጠሮው የሌላ።

ባለእጅን ማክበር

ይህ ሁሉ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ከጣና ታንኳ እስከ ቪክራንት ድረስ መርከብን መርከብ የሚያደርገው፥ ከስሙና ከገንዘቡ ይልቅ የሠሪው እጅ ነው። የሠሪው እጅ ደግሞ የሚያድገው በሚከበርበትና በሚማርበት አገር ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የእኛ ያለፈው ታሪክ የሚያኰራ አይደለም። ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን፥ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። በጣና ዙሪያ ለብዙ ዘመን ታንኳ በማሰር የታወቁትን ወይጦዎችን ጎረቤቶቻቸው ከማእዳቸው አርቀዋቸው ነበር። የሚሠራውን ሰው አዋርዶ የሠራውን ነገር መመኘት፥ ላሟን እየመቱ ወተት እንደ መጠበቅ ነው።

ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ ነገር ግን ዕውቀቱም አብሮ እየቀነሰ ነው። በጣና ዳር የነበረው የደንገል ጫካ በእርሻ መስፋፋትና ውኃው ሲሸሽ በሚታረሰው መሬት ምክንያት ጠቧል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታየው እንቦጭም የፎገራን ዳርቻ ጭምር ወርሮታል። ሽማግሌውን «ከእርስዎ ሥራውን የተማረ አለ?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። «ልጆቼ ሩዝ ይዘራሉ፤ እነሱስ ምን ያድርጉ፥ ሩዙ ያበላል» አሉን። ነቀፌታ አልነበረበትም፤ ሐዘን ግን ነበረበት። ሩዝ የፎገራን ሰው እንደ ጠቀመ እኛም አንክድም። ሆኖም ሜዳው ለሩዝ ሲበቃ ለጥቂት ደንገል የሚሆን ዳርቻ ይጠፋል ብለን አናምንም።

በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ ፪» የተባለች ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጓጕዛ ባሕር ዳር ገብታለች። በወረታም ውኃ የሌለበት ደረቅ ወደብ ተቋቁሟል፤ በባሕር የመጣ ዕቃ ከሜዳው መካከል ይራገፋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጀልባ ይሰበራል፤ ሞተር ይቃጠላል፤ ክሬን ይቆማል። በዚያን ጊዜ ብየዳውን የሚበይደው፥ ራጁን የሚያነበው፥ ካምቢዮውን የሚፈታው ማን ነው? ኮቺም ቢሆን ብዙ ዓመት የሌላውን መርከብ እየጠገነ ነው መሥራትን የተማረው።

እንግዲህ ተማሪ የሆንህ፥ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ የአርኪሜዴስን ሕግ ለፈተና ብቻ አትሸምድድ፤ በእሑድ ቀን ወደ ሐይቁ ወርደህ ታንኳው ስንት ሰው ሲጭን ምን ያህል እንደሚጠልቅ ለካ። ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የሄደውን ጓደኛህን «ነጥብ ስላልመጣለት ነው» አትበለው፤ የቪክራንትን ሆድ የዘጋው እርሱን የመሰለ ሰው ነው። አንተም በመሥሪያ ቤት ወንበር የተቀመጥህ ወጣት፥ የባለእጁ ማመልከቻ ሲመጣልህ ከመዝገቡ በታች አታድርገው። በየቀበሌው ያሉትን የታንኳ ሠሪዎች ስም መዝግብ፤ አሠራራቸውን በፎቶግራፍና በጽሑፍ አስቀምጥ፤ ደንገል የሚበቅልበትን ጥቂት ዳርቻ ከማረሻ አስጠብቅ። ይህን ለማድረግ ቢሊዮን ዶላር አያስፈልግም፤ ሚኒስትር መሆንም አያስፈልግም።

ከናበጋ ከመመለሳችን በፊት ተማሪው ስልኩን ከኪሱ አስገብቶ ወደ ሽማግሌው ቀረበና «አያ፥ ይህን ጫፍ ልያዝልዎ?» አላቸው። ሽማግሌው የልጡን ጫፍ ሰጡት። ጐትቶ ሲያስር አዩትና «ላልቷል፤ ፍታው» አሉት። ፈታው። ሁለተኛ አሰረ፤ አሁንም ፈቱበት። በሦስተኛው ጊዜ በአውራ ጣታቸው ቋጠሮውን ተጭነው ካዩ በኋላ ምንም ሳይሉ ሁለተኛውን ልጥ አቀበሉት።